ኮኪት የከረመው የባሕር ጭቃ

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ እኔ በጋኔን፣ በዛር፣ በጥላ፣ በምኑም የማላምን ሰው ነኝ። መተማ ዮሐንስ ሳድግ እናቴ በቀትር ወንዝ አትውረጂ ስትለኝ ሆን ብዬ በቀትር የምወርድ ልጅ ነበርኩ፣ ኋላ ደግሞ ኬሚስትሪ ተማርኩና ጭራሽ ባሰብኝ፣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አየሁ ሲለኝ ምን በልተህ ነበር ብዬ የምጠይቅ ነገረኛ ወጣኝ። አሁንም አላምንም። ደክሞኛል እንጂ አላምንም። ግን የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ፣ እኔ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ሰለቸኝ።

ሥራዬን ካላወቃችሁ የሚገባችሁ አይመስለኝም። የምሠራው በጭቃ ነው። የእርሻ ጭቃ እንዳይመስላችሁ፣ ከቀይ ባሕር ወለል፣ ፀሐይ ፈጽሞ ከማይደርስበት ጥልቀት የሚወጣ ጭቃ ነው። እዚያ ታች ከወለሉ ሥር የጥንት ጨው ተነጥፏል፣ ውሃ ያንን ጨው እያሟሟ በስንጥቁ ይመነጫል፣ የሚመነጨው ውሃ ከባሕሩ ውሃ እጅግ ስለሚከብድ ከላዩ ካለው ጋር ቶሎ አይቀላቀልም፣ ጎድጓዳ ቦታ ፈልጎ ይተኛል። እመኑኝ፣ በባሕር ውስጥ ሌላ ሐይቅ ማለት ነው፣ የራሱ ገጽ፣ የራሱ ዳርቻ አለው፣ ካሜራ ሲወርድለት ዳርቻውን የሚመታ ትንሽ ማዕበል ሁሉ ይታያል። ኦክስጅን የሚባል ነገር የለበትም። ዓሣ ወይም ሸርጣን ተሳስቶ የገባ እንደሆነ አይወጣም፣ ቶሎ አይበሰብስምም፣ እንደገባ ይቀመጣል።

እኔ የማጠናው የዚያን ሐይቅ ዳርቻ ጭቃ ነው። ውስጡ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች አሉ፣ እኛ ኦክስጅን እንደምንተነፍሰው እነሱ በሰልፌት ይኖራሉ፣ የሚያወጡት ጋዝ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ያ ጋዝ ከብረት ጋር ሲገናኝ ጭቃው እንደ ከሰል ይጠቁራል። አየር ከነካው ጥቁረቱ ይጠፋና ዝገት ይመስላል፣ ሙቀት ካገኘው ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ይቀጥሉና እኔ ልለካው የነበረው ሁሉ ይዛባል። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፣ አይከፈትም፣ አይሞቅም።

ትምህርቴን የምከታተለው ፖርት ሱዳን ነበር፣ ጭቃውን በረጅም ቱቦ ከባሕር ወለል የሚያወጡልን ደግሞ የመርከቧ ቴክኒሻን ዓም ኢድሪስ ነበሩ። ዓም ማለት በነሱ አጎት ማለት ነው፣ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው። ጥርስ የማያስከድኑ ሰው ነበሩ፣ ሥራ ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። ጓንት የሚያደርጉት በግራ እጃቸው ብቻ ነው፣ ቀኙ ጭቃውን ማወቅ አለበት ይላሉ። ቱቦውን ከድነው በሰም ካሸጉት በኋላ በቀኝ እጃቸው ጣት ይቆረቁሩታል፣ ሁለቴ፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ አንዴ፣ ውስጡ የቀረ አየር ካለ በድምፁ ይታወቀኛል ነው የሚሉት። ከዚያ ወደኔ ዞረው "ባርድ?" ይላሉ፣ ቀዝቅዟል ወይ ማለታቸው ነው። እኔ በእጄ ነክቼ "ባርድ" ካላልኳቸው ከቱቦው አጠገብ አይነሡም። አንዳንዴ እያወቁ ደጋግመው ይጠይቁኝና ስናደድ ይስቁብኛል።

ጦርነቱ ሲነሣ ፖርት ሱዳን ለጊዜው ደህና ነበረች፣ እየዋለ እያደረ ግን ነዳጅ ጠፋ፣ የላብራቶሪያችን ጀነሬተር ቆመ፣ የውጭ ሰዎች ወደየአገራችሁ ግቡ ተባልን። ላብራቶሪ ውስጥ ከነበሩት ቱቦዎች የተረፈው አንድ ብቻ ነበር፣ የቀሩት ደህናዎቹ ከወደቡ ርቃ በቆመችው መርከብ ማቀዝቀዣ ውስጥ ናቸው። ዓም ኢድሪስ ያቺኑ አንዷን ቱቦ በበረዶ ሳጥን አድርገው አሸከሙኝ።

"እታገኝ፣ አንቺ ይቺን ይዘሽ ጎንደር ግቢ" አሉኝ። "እኔ በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ሄጄ የቀሩትን አመጣለሁ። እስክመጣ ድረስ እንዳትሞቅ።"

አትሞቅም አልኳቸው። ቃሌን ሰጠሁ ማለት ነው። ሲሰናበቱኝ እጃቸው በሰም ተጨማልቆ ስለነበር በክርናቸው ነው የነካኩኝ።

የመንገዱን ነገር አታንሡብኝ። ከከሰላ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ገላባት፣ በየኬላው ሳጥኑን ክፈቺ፣ ምንድን ነው፣ ጭቃ ነው፣ የምን ጭቃ፣ የባሕር ጭቃ፣ ከባሕር ጭቃ ይዘሽ ትሸሻለሽ? አንዱ ወታደር አዝኖልኝ ውሃ ሰጠኝ፣ ያበድኩ መስዬው ነው። መተማ ስደርስ ከተማዋ ከወዲያ በመጡ ሰዎች ጢም ብላለች፣ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል፣ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም፣ መብራት ይመጣል ይሄዳል፣ ለስላሳ ቤቶች እንኳ በረዶ የላቸውም። አጎቴ አያ ቢምረው መጥተው አዩኝና ምነው ልጄ ከሰውነት ተራ ወጣሽ ብለው በትራክተራቸው ጋሪ ጭነው ከኮኪት ወጣ ብሎ ወዳለው የሰሊጥ እርሻቸው ወሰዱኝ። ጊዜው የአጨዳ ነው፣ እሳቸውም ከሠራተኞቹ ጋር እዚያው ራኩባ ውስጥ ነበር የሚያድሩት፣ ራኩባ በግንድና በሣር የሚሠራ ዳስ ነው፣ ጥላ ይሰጣል እንጂ ሙቀት አይከለክልም።

በረዶው ቀልጦ አለቀ። ምን ላድርግ፣ ቆላ ያደገ ሰው የሚያውቀውን አደረግሁ። አያ ቢምረው ዳስ ውስጥ ዚር አለ፣ ሱዳኖች ውሃ የሚያቀዘቅዙበት ትልቅ የሸክላ ማሰሮ፣ ውሃው በሸክላው እያዠ ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። ከዚሩ ሥር ጉድጓድ አስቆፈርኩና ቱቦዬን በሰሊጥ ጆንያ ጠቅልዬ አስተኛኋት፣ ከዚሩ የሚንጠባጠበው ውሃ ጆንያውን ያረጥበዋል፣ ፀሐይዋ ስትበረታ ደግሞ እኔ ተጨማሪ እደፋበታለሁ። ማቀዝቀዣ አይተካም፣ ግን ከደጁ አየር ይሻላል። ዓም ኢድሪስ ቢያዩኝ በሳቅ ይሞታሉ እያልኩ ነበር የምሠራው። ኔትወርክ ፍለጋ ከእርሻው በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ወጥቼ ስልካቸውን እሞክራለሁ፣ አይነሣም፣ እንደገና እሞክራለሁ፣ ጥሪውም አይሄድ። ውዬ አድሬ ሥራዬ ይኸው ሆነ፣ ውሃ መድፋትና ስልክ መሞከር።

ከሠራተኞቹ መካከል አለኸኝ የሚባል የጎጃም ደገኛ ነበር፣ በየዓመቱ ለአጨዳ የሚወርድ፣ ዝምተኛ፣ በዕድሜ እኩያዬ። በቀትር ጆንያው ላይ ውሃ ስደፋ አይቶ መጣና "እታለም፣ በቀትር ውሃ ሲደፋ ስም ይጠራበታል፣ በስመ አብ በይ" አለኝ። እናቴም እንዲህ ነበር የምትለው፣ በዚያች ሰዓት ጋኔኖቹ መሬት ላይ ስለሚያርፉ ሳያውቁ ውሃ ቢደፉባቸው ይቀየማሉ ይባላል። እኔ ደግሞ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ድካም፣ ምክር የሚሸከም ጫንቃ አልነበረኝም፣ ውሃ የሚተነው ስም ስለተጠራበት አይደለም ብዬ ኩም አደረግሁት። ከዚያ ወዲያ ግን እኔ ስደፋ እሱ በኔ ፋንታ ከወዲያ ማዶ በስመ አብ ይላል። ሥራ ላይ ከሆነ ግን ማንም አይልልኝም።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። የተበላሸ እንቁላል፣ በቀትር ብቻ። ሰሙ ለቅቋል ብዬ ደንግጬ ቱቦዋን አውጥቼ በሁሉም በኩል አየኋት፣ እንደታሸገች ናት፣ አንድ ስንጥቅ የለባትም። በዚህ ሙቀት ጋዙ የክዳኑን ላስቲክ አልፎ ሊሆን ይችላል አልኩ። ከዚያ በጣቴ ያለው የብር ቀለበት ጠቆረ፣ እሱም አይደንቅም፣ ያ ጋዝ ብር ያጠቁራል፣ ማንም የኬሚስትሪ ተማሪ ያውቀዋል። ግን ማታ ራቴን ልበላ እጄን ስታጠብ ቀለበቱ ነጭ ሆኖ አገኘሁት፣ ፍንትው ያለ ነጭ፣ በማግስቱ ቀትር ጠቆረ፣ ማታ ነጣ። የጠቆረ ብር ካልፈተጉት በራሱ አይነጣም፣ ይህን ደግሞ ማንም የኬሚስትሪ ተማሪ ያውቀዋል። ላቤ ነው ያነጣው አልኩና ተውኩት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለመገረም እንኳ አቅም ይጠይቃል።

ቀጥሎ ድምፁ መጣ። ጋደም ብዬ ሳለሁ ከጉድጓዱ በኩል ውሃ ዳርቻ ሲመታ ይሰማኛል፣ ቀስ ብሎ፣ ሸርተት እያለ፣ ተመልሶ እየመጣ። የዚሩ ጠብታ ነው አልኩ። ግን ጠብታ ጠብ ይላል እንጂ አይመላለስም። የዚያን ቀን ጆንያውን ገለጥ ሳደርግ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር አየሁ፣ ውሃ ሞልቶ ቆይቶ ሲጎድል የሚተወው ዓይነት፣ ክብ ሠርቶ ቱቦዋን የከበበ። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፣ ጨው ነው፣ ከጨውነቱ ሌላ ይመራል። የወጥ ጨው እንዲህ አይመርም፣ የሚመረው ማግኒዚየም የበዛበት ጨው ነው፣ እኔ ለትምህርቴ ስለካው የኖርኩት ጨው። መሬቱ ጨዋማ ይሆናል አልኩ። አያ ቢምረውን ብጠይቃቸው በዚህ መሬት ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰሊጥ እንዳበቀሉና ጨው የሚባል አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ፣ ሰሊጥ ጨው እንደማይወድም አስታወሱኝ።

አሁን ወደዚያች ቀትር ልምጣላችሁ።

አያ ቢምረው ጆንያና ነዳጅ ፍለጋ ኮኪት ሄደዋል። ሠራተኞቹ ያጨዱትን ሰሊጥ በነዶ በነዶው አቁመው በራኩባቸው ውስጥ ወድቀዋል፣ ነቅቶ የነበረው አለኸኝ ብቻ ነው፣ ጥርሱን አሞት መተኛት አቅቶት ፊቱን ወደኛ ዳስ አድርጎ ተቀምጧል። ቅጠል አይንቀሳቀስም። በዚያ ሙቀት ሰው ያስባል ለማለት አይቻልም፣ ይቆያል እንጂ። ጠዋት ኮረብታው ላይ ወጥቼ ስልኩን ሞክሬ ነበር፣ ያው ነው፣ እና እዚያ ቁጭ ብዬ አልቅሼ ነበር የወረድኩት፣ ለማን እንዳለቀስኩ ለይቼ አላውቅም፣ ለእሳቸው ይሁን ለራሴ።

ጋደም እንዳልኩ ቆር ቆር አለ። ዝም አለ። ቆር አለ።

ቀና አልኩ። ጋዝ ነው አልኩ፣ ጭቃው ሲሞቅ ጋዝ ይፈጥራል፣ አረፋው ቱቦውን ይመታል፣ ይህ የሚጠበቅ ነው። እንደገና ቆር ቆር፣ ዝም፣ ቆር። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ጆንያው ላይ አደረግሁ፣ ከውስጥ ነው። አረፋ እንዲህ ልክ ይዞ አይመታም ብዬ ለራሴ ስናገር ድምፄ አስፈራኝ። የምትጠብቁኝ ከሆነ ጮኼ ሮጥኩ እንድላችሁ፣ አልሮጥኩም፣ ቱቦዋ ሞቃለች ማለት ነው ብዬ ነው ያሰብኩት፣ አደራዬ መሞቁ ነው የጨነቀኝ፣ ተነሥቼ ከዚሩ ውሃ ቀድቼ ደፋሁበት፣ ስምም አልጠራሁበት። ድምፁ ቆመ። እጄን እርጥቡ ጆንያ ላይ እንዳደረግሁ እዚያው መሬት ላይ እንቅልፍ ጣለኝ።

የቀሰቀሰኝ አለኸኝ ነው። ጉንጩን በእጁ ደግፎ በሩ ላይ ቆሟል።

"እንግዳሽ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ እኮ" አለኝ።

የምን እንግዳ አልኩት።

"እኒያ ሱዳኔ ሽማግሌ። ልብሳቸው ተነክሮ ኸወንዝ የወጡ መስሎኝ ነበር። አጠገብሽ ተቀምጠው መሬቷን በጣታቸው ሲቆረቁሩ አልሰማሻቸውም?"

እንግዲህ ልብ በሉ፣ እኔ ስለ ዓም ኢድሪስ ለዚያ ሰው ቀርቶ ለአጎቴም የነገርኩት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስልክ ይደውልልኛል ብቻ ነው። ስለ እጃቸው፣ ስለ አመላቸው ለማንም ቃል አልተነፈስኩም። እጃቸው ላይ ምን ነበር ብዬ ጠየቅሁት።

"ጓንት" አለ። "ባንድ እጃቸው ብቻ። ግራው መሰለኝ።"

"ተናገሩ?"

"ባርድ? አሉሽ። አንችም ዓይንሽን እንደጨፈንሽ ባርድ አልሻቸው። ኸዚያ ፈገግ ብለው ተነሡ። እኔማ ተማምናችሁ ነው ብዬ ተውኳችሁ፣ የሰው እንግዳ ምን አገባኝ።"

በየት በኩል ሄዱ ስለው በእጁ ወደ ሰሊጡ አሳየኝ። ወጥቼ አየሁ፣ የቆመ ነዶና የሚንቀጠቀጥ አየር ነው ያለው፣ ዱካ የለም። ተመልሼ ስገባ ግን ከተኛሁበት አጠገብ መሬቱ ረጥቧል፣ ሰው ተቀምጦበት የተነሣ ያህል ስፋት፣ እኔ ውሃ ካፈሰስኩበት በተቃራኒው በኩል። እያየሁት ደረቀ። ሲደርቅ ነጭ ሆነ። ቀመስኩት። መረረኝ።

አያ ቢምረው ሲመለሱ መንገድ ላይ ያገኙት ሰው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው፣ ከኮኪት እስከዚህ አንድ ነፍስ አላየሁም አሉ። የሆነውን ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ ሙቀት ነው ልጄ፣ ይሄ ቆላ ስንቱን አስለፈለፈ አሉ፣ ከዚያ ነጩን መሬት አዩና ሳቃቸውን አቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ትንሽ ቆመው ወጡ።  እኔም ራሴን ስሞግት አደርኩ፣ አለኸኝ ጥርሱ አሞታል፣ ትኩሳት ይኖረዋል፣ እኔ በእንቅልፍ ልቤ ባርድ ስል ሰምቶ የቀረውን ከራሱ አምጥቶ ይሆናል፣ ይቻላል። ጓንቱን ግን ከየት አመጣው? እዚያ ስደርስ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሽታውም ድምፁም የለም፣ ቀለበቴም ጠቁሮ አያውቅም። መንገዱ ሲከፈት በጭነት መኪና ጎንደር ገባሁ፣ አንድ መምህር ላብራቶሪያቸው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቦታ ሰጡኝ። የቱቦዋ ጎን እንደ መስተዋት ስለሚያሳይ ጭቃው ይታያል፣ ያን ሁሉ ሙቀት ችሎ ከባሕር እንደወጣበት ቀን ጥቁር ነው፣ መምህሩ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። በጆንያ አልኳቸው። ይከፈትና እንለካው፣ ትምህርትሽን ጨርሺ፣ ምን ትጠብቂያለሽ ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው፣ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፣ ካልከፈትኳት የለፋሁበት ሁሉ ከንቱ ነው። ሳምንት ይሁን እላለሁ፣ ሳምንቱ ሲደርስ አሞኛል እላለሁ።

በዚህ መሐል የዓም ኢድሪስ ባለቤት ሐዋ ቁጥሬን አፈላልጋ ደወለችልኝ። ዓም ኢድሪስ በጀልባ ወጥተው መርከቧ ጋ ደርሰዋል፣ ቱቦዎቹንም ጭነው ለመመለስ ተነሥተዋል፣ እስከዚህ ድረስ ያዩ ሰዎች አሉ። ከዚያ ወዲህ ጀልባዋንም እሳቸውንም ያየ የለም። የሄዱበትን ቀን ነገረችኝ፣ በዚያ ቀን እኔ ኮኪት ነበርኩ። የቀይ ባሕር ሰዎች ባሕሩ የወሰደውን ይመልሳል እያሉ ዳርቻ ለዳርቻ ሲፈልጉ እንደሰነበቱ ነገረችኝ፣ እኔ ደግሞ ያ ባሕር ታች ምን እንዳለው አውቃለሁ፣ ምን ውስጡ እንደሚቀር፣ እንዴት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፣ ዕድሜዬን ያጠፋሁት እሱን ስለካ ነው፣ ይህን ግን ለእሷ አልነገርኳትም።

ድምፅዋ የደከመ ነበር፣ ከኔ የባሰ። በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፣ "ሲወጣ ከዚህ ስመለስ ወደ እታገኝ እሄዳለሁ፣ ቅዝቃዜዋን አይቼ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር። አንቺ ጋ መጥቶ ነበር?"

አልመጡም አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ ጀምሮ ይህን መልስ እያገላበጥኩ ነው። እኔ አላየኋቸውም፣ ያየው አለኸኝ ነው፣ ስለዚህ አልዋሸሁም። እንዲህ እያልኩ እውላለሁ። ቱቦዋ ዛሬም እንደታሸገች ናት። ትናንት በቀትር መብራት ጠፋና ጆንያ ነክሬ ማቀዝቀዣው ላይ ጣልኩበት፣ ውሃውን ከመድፋቴ በፊት በስመ አብ አልኩ፣ ከዚያም ክፍሉ ውስጥ ከኔ በቀር ማንም ሳይኖር፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ባርድ አልኩ።